ሙሉና ከፊል ተነቃይ ጥርስ፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጥርሳቸውን በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ላጡ ሰዎች፣ እንዲሁም እናት አባታቸውን ይዘው ከወገል ጤና፣ ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ ወይም ከባቲ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ለሕክምና ለሚመጡ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በሕክምናው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ዘወትር የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ሐኪምዎ አፍዎን አይቶ የሚሰጥዎትን ምክር አይተኩም፤ ምክሩን ሲሰሙ ግን ምን እየተባለ እንደሆነ እንዲገባዎትና ደፍረው እንዲጠይቁ ይረዱዎታል።

ተነቃይ ጥርስ ምንድን ነው? ሙሉና ከፊል የሚባሉትስ በምን ይለያያሉ?

ተነቃይ ጥርስ፣ ብዙ ሰው አርቴፊሻል ጥርስ የሚለው፣ ባለቤቱ ራሱ በእጁ የሚያደርገውና የሚያወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ሙሉ የሚባለው በላይኛው ወይም በታችኛው መንጋጋ ላይ አንድም የተፈጥሮ ጥርስ ላልቀረው ሰው የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በአንዱ መንጋጋ 14 ጥርሶች ይደረደሩበታል። የአዋቂ ሰው የተፈጥሮ ጥርስ የአእምሮ ጥርስን ጨምሮ 32 ቢሆንም፣ አራቱ የአእምሮ ጥርሶች በሰው ሠራሹ ላይ አይተኩም። ከፊል የሚባለው ደግሞ ጥቂት ጥርሶች ብቻ ለጎደሉት ሰው የሚሠራ ነው፤ በቀሩት የተፈጥሮ ጥርሶች ላይ በትንንሽ ቅንጥቦች እየተያዘ ክፍተቱን ይሞላል። ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውና በባለቤቱ እጅ የማይወልቀው ብሪጅ ከዚህ የተለየ ሕክምና ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ጥርሶቼ ሁሉ እያስቸገሩኝ ነው። አንድ ላይ ተነቅለው ሙሉ ሰው ሠራሽ ቢሠራልኝ አይሻልም?

ይህ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ በጥድፊያ ከተመለሰም ከሁሉም በላይ የሚጎዳ ነው። መልሱ በአብዛኛው «አይሻልም» ነው፤ ምክንያቱም በድድ ውስጥ የተደበቀው አጥንት ነው።

የጥርስን ሥር ከብቦ የሚይዘው አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲባል ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ የሌለው ይሆንና እየሟሸሸ ይሄዳል። መሟሸሹ ከተነቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ፈጣን ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይዘገያል እንጂ ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ ጨርሶ አይቆምም። ለብዙ ዓመታት የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ የታችኛው መንጋጋ ሸንተረር (ጥርሶቹ የነበሩበት የአጥንት ጉብታ) የሚያጣው ቁመት ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ነው። በደጋ ተዳፋት ላይ እርከኑ ፈርሶ አፈሩ በየክረምቱ የሚታጠብ ማሳን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሸንተረሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

ስለዚህ በታችኛው መንጋጋ ላይ ሁለት ጠንካራ ጥርሶች፣ በተለይም ሁለቱ ክራንቻዎች፣ ቢቀሩ እንኳ ትልቅ ሀብት ናቸው። ክራንቻ ረጅም ሥር ስላለው ለከፊል ተነቃይ ጥርስ ጥሩ መያዣ ይሆናል። አናቱ የተበላሸ ቢሆንም እንኳ ሥሩ ታክሞ፣ ከድድ እኩል ተቆርጦና ተሸፍኖ፣ ሙሉው ጥርስ ከላዩ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሥሩ ባለበት ቦታ ያለው አጥንትም ይጠበቃል። በድድ በሽታ ምክንያት እጅግ የተነቃነቁ፣ መግል የሚያመጡ ወይም ሊጠገኑ የማይችሉ ጥርሶች መነቀላቸው ተገቢ ነው። አንድ ሐኪም ሁሉንም እንንቀል ሲልዎት ግን «የትኞቹ ሊተርፉ ይችላሉ? ለምንስ አይተርፉም?» ብሎ በጥርስ በጥርሱ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥያቄው ሐኪሙን መናቅ አይደለም።

የማኘክ ኃይሉም መታሰብ አለበት። ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ያደረገ ሰው የሚያገኘው የመንከስ ኃይል የተፈጥሮ ጥርስ ካለው ሰው አንድ አራተኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ክብርንና ምግብን ይመልሳል፤ የወጣትነትን መንጋጋ ግን አይመልስም።

የላይኛው ጥብቅ ብሎ ሲቀመጥ የታችኛው ለምን ይንሸራተታል?

የላይኛው ሙሉ ጥርስ ላንቃን በሙሉ ስለሚሸፍን ሰፊ ማረፊያ አለው። በጥርሱ መሠረትና በላንቃ መካከል ያለው ስስ የምራቅ ሽፋን፣ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ተገጣጥመው እንደሚጣበቁት ሁሉ ይይዘዋል፤ የኋለኛው ጠርዝ በትክክል ከተዘጋም አየር ስለማይገባ አይወድቅም።

የታችኛው ይህ ዕድል የለውም። ምላስ መሐሉን ስለያዘው ቅርጹ እንደ ፈረስ ኮቴ ሆኖ በጠባቡ ሸንተረር ላይ ብቻ ያርፋል፤ ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭና ከንፈር ከውጭ ሰው በተናገረና በዋጠ ቁጥር ይገፉታል። ስለሆነም የታችኛውን ጥርስ በቦታው የሚያቆየው አሠራሩ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ልምምድም ነው። ምላስን ወደ ኋላ ከመሰብሰብ ይልቅ ጫፉን ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ አሳርፎ መናገርንና ማኘክን መልመድ ያስፈልጋል። ይህ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት «አልሆነልኝም» ብለው በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት ብዙዎች ናቸው፤ የሚያሳዝነው ከእነዚህ ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ማስተካከያ ሊጠቀሙበት ይችሉ የነበሩ መሆናቸው ነው።

ከምን ይሠራል? የዋጋው ልዩነትስ ከምን ይመጣል?

ድድ የሚመስለው መሠረት በአብዛኛው አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ይህ ቁስ በጥርስ ሕክምና ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሙቀትና በድኝ የጠነከረ ጎማ ነበር የሚያገለግለው። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ቀለሙ ድድን ይመስላል፣ ሲሰበር ይጠገናል፣ ጥርስ ሲጨመርም ይቀበላል፤ ሲወድቅ ግን ይሰበራል።

ከፊል ተነቃይ ጥርስ በሦስት ዓይነት ሊሠራ ይችላል። የአክሪሊኩ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ ወፍራም ስለሆነና በአብዛኛው በድድ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ በጊዜ ብዛት ወደ ድድ እየሰመጠ የቀሩትን ጥርሶች ሥር ሊጎዳ ይችላል። ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅይጥ ብረት የሚሠራው ስስና ጠንካራ ነው፤ በተፈጥሮ ጥርሶቹ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ እግሮች ስላሉት የማኘክን ጫና በድድና በጥርስ መካከል ያካፍለዋል። ሥራው የተለየ ማቅለጫና የሠለጠነ ቴክኒሺያን ስለሚጠይቅ ዋጋው ከፍ ይላል። ሦስተኛው ከናይለን የሚሠራውና የሚተጣጠፈው ነው፤ የብረት ቅንጥብ ስለማይታይበት ይወደዳል፣ ነገር ግን ለመጠገንና በውስጡ ቁስ ጨምሮ ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው። የእኔ አስተያየት ቢጠየቅ፣ ጠንካራ ጥርሶች ለቀሩትና አቅሙ ለፈቀደለት ሰው የብረቱ ይመረጣል፤ የሚነቃነቁና ወደፊት ሊወልቁ የሚችሉ ጥርሶች ላሉት ግን ጥርስ ሊጨመርበት የሚችለው አክሪሊክ ይሻላል።

ከሩቅ ነው የምመጣው። ስንት ጊዜ መመላለስ ይኖርብኛል?

ደረጃውን የጠበቀ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቀጠሮ ምን እንደሚሠራበት ማወቅ «ለምን ያመላልሱኛል?» የሚለውን ቅሬታ ያቀልላል።

በመጀመሪያው ቀን አፍ ይመረመራል፤ ልኬትም ይወሰዳል። ልኬቱ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረም የሚገኝ አልጂኔት የተባለ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ፣ በመያዣ ወደ አፍ ገብቶ እስኪረጋ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ በመጠበቅ ነው። በልኬቱ ውስጥ ጂፕሰም ሲፈስስ የአፍዎ ቅርጽ ይወጣል፤ በዚያም ላይ ለእርስዎ ብቻ የሚሆን የልኬት መያዣ ይሠራል። በሁለተኛው ቀጠሮ በዚህ መያዣ ትክክለኛው ልኬት ይወሰዳል። በሦስተኛው ከሰም የተሠራ ግንብ አፍዎ ውስጥ ገብቶ ሁለቱ መንጋጋዎች የሚገናኙበት ከፍታና አቅጣጫ ይለካል፤ የጥርሱ ቀለምና ቅርጽም ይመረጣል። በአራተኛው ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ። በአምስተኛው የተጠናቀቀውን ይረከባሉ። ከዚያ ማስተካከያው ይቀጥላል።

የሰም ሙከራው ቀን ከሁሉም ቀጠሮዎች ይልቅ የእርስዎ ነው። ጥርሶቹ ገና በሰም ላይ ስላሉ ሊነሡ፣ ሊገፉና ሊያጥሩ ይችላሉ፤ ወደ አክሪሊክ ከተለወጡ በኋላ ግን ቅር ያሰኘዎትን ማስተካከል ከባድ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን መልክዎን በደንብ የሚያውቅ ሰው፣ ባለቤትዎን ወይም ልጅዎን፣ ይዘው ይምጡ፤ መስታወት ጠይቀውም በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ።

ከደላንታ ወይም ከቦረና ለሚመጣ ሰው አምስት ጊዜ መመላለስ የትራንስፖርቱና የሥራው ኪሳራ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ይህንን በግልጽ ይናገሩ። ላቦራቶሪው ቅርብ ከሆነ ቀጠሮዎቹን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ማቀራረብ ይቻላል፤ ዘመድ ቤት አርፎ መጨረስም ብዙ ሰው የሚመርጠው መንገድ ነው። ማቀራረብ አንድ ነገር ነው፣ መዝለል ግን ሌላ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥርሱን በተረከቡበት ቀን ወዲያው አይሳፈሩ፤ የሚያቆስልዎትን ቦታ ለማስነሣት ቢያንስ በማግሥቱ አንድ ጊዜ ይታዩ።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ስንት ጊዜ መጠበቅ አለብኝ?

ቁስሉ ድኖ ሸንተረሩ እስኪረጋ ድረስ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ያለ ጥርስ መቆየት ለማይችል ሰው፣ ጥርሶቹ ሳይነቀሉ በፊት ልኬት ተወስዶ በተነቀሉበት ቀን የሚደረግ ጊዜያዊ ጥርስ መሥራት ይቻላል። ይሁን እንጂ አጥንቱ በፍጥነት ስለሚሟሽሽ ይህ ጥርስ በወራት ውስጥ ይላላል፤ ውስጡ መሞላቱ ወይም እንደገና መሠራቱም ስለማይቀር ወጪው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የስኳር ሕመም ያለብዎት ከሆነ የቁስሉ መዳን ሊዘገይ ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ፤ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከመነቀላቸው በፊት ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።

ሰው ሠራሽ መሆኑ ይታወቅብኛል? ፍንጭቴስ ሊመለስልኝ ይችላል?

አዎን፣ ፍንጭትዎ ሊመለስልዎት ይችላል። ፍንጭት እንደ ውበት በሚታይበት አገር ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት የተገጠገጠና በረዶ በመሰለ ነጭ ጥርስ ማሰለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ቴክኒሺያኑ ሁለቱን የላይ የፊት ጥርሶች አራርቆ መደርደር፣ አንዱን ጥርስ በትንሹ ማዘንበልም ይችላል። የወጣትነት ፎቶግራፍዎ፣ በተለይ ጥርስዎ የሚታይበት፣ ካለ ይዘው ይምጡ።

ስለ ቀለሙም ቢሆን የስድሳ ዓመት ሰው ጥርስ እንደ ልጅ ጥርስ ነጭ አይደለም፤ ከፊት ቆዳና ከዕድሜ ጋር የሚሄድ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀለም ሰው ሠራሽነቱን ይደብቃል። ድዳቸውን በንቅሳት ያስጠቆሩ እናቶችም አሉ፤ በተፈጥሮውም የብዙ ሰው ድድ ጠቆር ያለ ነው። የመሠረቱ አክሪሊክ ከቀይ ሮዝ እስከ ቡናማ ባሉ ቀለሞች ስለሚገኝ፣ ከንፈርዎ ሲከፈት ድድዎ የሚታይ ከሆነ ከራስዎ ድድ ጋር የሚቀራረብ ቀለም እንዲመረጥልዎት ይጠይቁ።

ንግግሬ ይበላሻል?

ለጥቂት ቀናት ይለወጣል። ከሁሉ የሚያስቸግሩት የምላስ ጫፍ ከፊት ጥርስና ከላንቃ አጠገብ የሚፈልጋቸው «ሰ»፣ «ዘ»፣ «ሸ» እና «ጸ»፣ እንዲሁም የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር የሚነካባቸው «ፈ» እና «ቨ» ናቸው። ቤት ውስጥ ብቻዎን ሆነው «ስድሳ ስድስት» እያሉ ደጋግመው ይለማመዱ፤ ድምፅ እያሰሙ ማንበብም በጣም ይረዳል። መንዙማ የሚያወጡ፣ ቅዳሴ የሚቀድሱ ወይም የሚያስተምሩ ሰዎች ሥራቸው በድምፃቸው ላይ ስለሆነ ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ቢነግሩት፣ በሰም ሙከራው ላይ እያዜሙና እያነበቡ መሞከር ይቻላል። ከአንድ ወር በላይ የቀጠለ ማፏጨት ወይም ጥርስ ከጥርስ መንኳኳት ግን የልምምድ ጉድለት ሳይሆን የጥርሱ አደራደር ወይም ከፍታ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ምን ልብላ? ቆሎና ጥብስስ ይቀርብኛል?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአጥሚት፣ በገንፎ፣ በሾርባና በፍትፍት ይጀምሩ። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነና በእጅ ተቆርሶ ስለሚጎረስ ተነቃይ ጥርስ ላደረገ ሰው የተመቸ ምግብ ነው፤ ጉርሻው ግን ትንሽ ይሁን። የተላጠ ድድን በርበሬ ክፉኛ ስለሚያቃጥል እስኪድን ድረስ አልጫ ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ልማዶች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ በሁለቱም ጎን ማኘክ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ሲታኘክ ሌላው ጎን ብድግ ይላል። ሁለተኛው በፊት ጥርስ አለመግመጥ ነው፤ ዳቦን፣ በቆሎን ወይም ሸንኮራ አገዳን በፊት ጥርስ መግመጥ የላይኛውን ጥርስ ከኋላ ያላቅቀዋል። ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ ቢበስል ይበላል፤ ቁርጥ ግን ብዙዎችን ያስቸግራል። ቆሎ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ስባሪው በጥርሱ ሥር ገብቶ እንደ ጠጠር ይወጋል፤ ቆሎ የለመደ ሰው በሶን ወይም በደንብ የበሰለ ንፍሮን ቢተካበት ጣዕሙም ምግብነቱም አይቀርበትም።

ስለ ትኩስ ነገር አንድ ማሳሰቢያ አለ። ላንቃ ሲሸፈን ሙቀትን ቶሎ ስለማይለይ የሚፈላ ቡና ወይም ሻይ ጉሮሮ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያቃጥለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በከንፈር ይሞክሩት።

ጫት እቅማለሁ። ችግር አለው?

አለው፤ በግልጽ መናገሩም ይሻላል። ጫት ምራቅን ስለሚያደርቅ ጥርሱን የሚይዘው ስስ ሽፋን ይጠፋል፣ የደረቀው ድድም ይላጣል። ተቅሞ በአንድ ጉንጭ የሚያዘው ጉንጭ ሙሉ ቅጠል የታችኛውን ጥርስ ወደ አንድ ጎን እየገፋ ያነሣዋል፤ ለሰዓታት በአንድ ጎን ማላመጥም ድድን ያቆስላል። ጥርሱም ይጠቁራል። ከፊል ጥርስ ላላቸው ደግሞ ከጫቱ ጋር የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ቅንጥቡ የሚይዛቸውን የመጨረሻ ጥርሶች ያበሰብሳል። ወዳጃም ሆነ የሠፈር ቡና ላይ መገኘትን የሚከለክል የለም፤ ጫቱን ግን ቢተዉት ጥርስዎም ድድዎም ይተርፋል። ለጊዜው ማቆም ያልቻለ ሰው ቢያንስ ውኃ ደጋግሞ ይጠጣ፣ ስኳሩን ይተው፣ ሲጨርስም ጥርሱን አውልቆ አፉን ይታጠብ።

ማታ አድርጌው ልተኛ?

አውልቀው ይተኙ። ድድ ቀኑን ሙሉ ተጭኖት ከዋለው ነገር ማረፍ አለበት። ሌት ተቀን የማያወልቁ ሰዎች ላንቃቸው ደም መስሎ ይቀላል፤ ይህም በአብዛኛው ካንዲዳ በተባለው ፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ስለማያም ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። በጃፓን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆኑ አረጋውያን ላይ ጥርስን ሳያወልቁ መተኛት የሳንባ ምች አደጋን ወደ እጥፍ ከማሳደግ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሲያወልቁት በክዳን ዕቃ ውስጥ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት፤ ከደረቀ ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል።

እንዴት ላጽዳው?

ከምግብ በኋላ አውልቆ በውኃ ማለቅለቅ፣ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ማሸት በቂ ነው። የተለመደው የጥርስ ሳሙና፣ አመድም ሆነ አሸዋ ቀመስ ዱቄት አክሪሊኩን ይቧጭራል፤ በጭረቱ ውስጥም ቆሻሻና ፈንገስ ይሸሸጋል። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። የልብስ ማንጫ በረኪና ብረት ያለውን ጥርስ ያበላሻል። ሲያጥቡት ውኃ በያዘ ሳፋ ላይ ወይም በተዘረጋ ፎጣ ላይ ይሁን፤ ብዙ ጥርስ የሚሰበረው ከአፍ ውስጥ ሳይሆን ሲታጠብ በሲሚንቶ ላይ ወድቆ ነው።

የቀሩት የተፈጥሮ ጥርሶች በመፋቂያም በብሩሽም ሊጸዱ ይችላሉ፤ በተለይ ቅንጥቡ የሚያርፍባቸው። ጥርስ የሌለበት ድድና ምላስም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ይታበሱ።

በጾምና በውዱእ ጊዜ ላውልቀው?

በሕክምና በኩል አድርጎ መዋልም ማውለቅም ጉዳት የለውም፤ ጥርሱ ራሱ ወደ ሆድ የሚገባ ምንም ነገር አያወጣም። የሃይማኖቱን ብይን ግን ሼሁን ወይም የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በረመዳን በሱሑር ጊዜ፣ በዐቢይ ጾምም ከምሳ በኋላ በደንብ ማጽዳት ለአፍ ሽታ ይረዳል።

ቅንጥቡ ያሉኝን ጥርሶች አይጎዳብኝም?

ቅንጥቡ ራሱ ጥርስን አያበሰብስም፤ በሥሩ ተይዞ የሚያድረው ምግብ ግን ያበሰብሳል። በደንብ ያልታቀደ ከፊል ጥርስም የያዘውን ጥርስ እየነቀነቀ ያላላዋል። ስለዚህ ከመሥራት በፊት የተበላሹት ሊሞሉ፣ የጥርስ ድንጋይ የያዘው ድድ ሊጸዳ ይገባል። በታመመ ድድ ላይ ከፊል ጥርስ መሥራት መሠረቱ በሰመጠ ቤት ላይ ቆርቆሮ እንደ መለወጥ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ የያዘ ትንሽ ጥርስ ከላላ አደገኛም ነው፤ በእንቅልፍ ወይም በምግብ ጊዜ ሊዋጥ ይችላል፣ አክሪሊክም በራጅ ላይ በቀላሉ አይታይም።

ፈቃድ የሌለው ሰው በአንድ ቀን ሠርቶ ያጣብቅልኛል። ልሞክረው?

አይሞክሩት። በአፍ ውስጥ እንዲረጋ የሚደረግ ፈጣን አክሪሊክ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ያልረጋው ኬሚካልም ድድን ይለበልባል። ከጥርስ ጋር ተጣብቆ ስለማይወልቅ በሥሩ የሚታጎረው ምግብ በዚያና በዚህ ያሉትን ደኅና ጥርሶች ሳይቀር ይበላቸዋል። በርካሽ የተተካ አንድ ጥርስ ሦስት ጥርስ ያስከፍላል።

ቢያቆስለኝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቁሰል የሚጠበቅ ነው። በቢላ ወይም በሞረድ ራስዎ አይሞርዱት። ጥርሱን አውልቀው፣ አፍዎን ሞቅ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጡ፤ ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ግን ለአንድ ቀን ያህል መልሰው ያድርጉት፤ ቁስሉ በግልጽ ካልታየ የትኛው ቦታ እንደሚነሣ ማወቅ አይቻልም። ጥርሱ ከወለቀና ከተስተካከለ በኋላም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ልጥፍ፣ ወይም እብጠት ካለ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ማጣበቂያ ልጠቀም?

በደንብ ለተሠራ ጥርስ ጥቂት ማጣበቂያ መጨመር ጉዳት የለውም። ብዙ እየቀቡ ካልሆነ የማይቆም ከሆነ ግን ጥርሱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መጠቀም በሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ አጉድሎ ነርቭን እንደሚጎዳ ታውቋል።

ስንት ዓመት ያገለግላል?

ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት። ጥርሱ ባይለወጥም አጥንቱ ስለሚለወጥ በየዓመቱ አንድ ጊዜ መታየት አለበት። መላላት ሲጀምር ሙሉውን ከመቀየር በፊት ውስጡን በአዲስ አክሪሊክ መሙላት ይቻላል። ጥርሶቹ ሲበሉ ፊት ያጥራል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፣ የከንፈር ማዕዘኖችም እየረጠቡ ይሰነጠቃሉ፤ ይህንን ያየ ልጅ እናቱን «አርጅታለች» ብሎ ከመተው በፊት ጥርሷን ያሳይላት። የሞተ ዘመድን ጥርስ ለመጠቀም የሚጠይቁም አሉ፤ ጥርሱ የተሠራው በዚያ ሰው አፍ ልክ ስለሆነ አይሆንም።

ከተሰበረብኝስ?

ስባሪዎቹን ሁሉ ሰብስበው፣ ትንሿንም ሳይቀር፣ ይዘው ይምጡ። በገበያ በሚገኘው ፈጣን ማጣበቂያ አያጣብቁት፤ ስባሪዎቹ በትክክል ሳይገጥሙ ከደረቁ መልሶ ማቃናት አይቻልም፣ ማጣበቂያውም ለአፍ የተሠራ አይደለም። ንጹሕ ስብራት በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ በቀን ውስጥ ይጠገናል። በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚሰበር ከሆነ ግን ችግሩ ከአክሪሊኩ ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው።

የሚተከል ጥርስ አይሻለኝም?

ለታችኛው መንጋጋ በጣም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ሞንትሪያል የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የታችኛው ጥርሱን ሁሉ ላጣ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት በሁለት ኢምፕላንት (በአጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ላይ የሚያርፍ ተነቃይ ጥርስ ነው ብለው ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምና፣ በቂ አጥንትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። አቅሙ ለሌለው ሰው በደንብ የተሠራ ተራ ሙሉ ጥርስ ዛሬም ትክክለኛ ሕክምና ነው።

ወደ ቀጠሮዬ ስመጣ ምን ልያዝ?

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ አሮጌ ጥርስ ካለዎት ባይመችዎትም እሱን፣ ጥርስዎ የሚታይበት የድሮ ፎቶግራፍ፣ የምርመራ ወረቀቶችዎንና ራጅዎን። ሙሉ ማደንዘዣ ለሚፈልግ ሌላ ቀዶ ሕክምና በሚገቡበት ቀን ደግሞ ተነቃይ ጥርስ እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩ፤ ወደ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት አውልቀው ስምዎ በተጻፈበት ክዳን ዕቃ ለአስታማሚዎ ይስጡት።